እናታችሁ «በቃኝ» ሲሉ፦ በአሜሪካ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በምግብ ጉዳይ ቤተሰብ የሚሳሳታቸው ነገሮች

«በቃኝ»ን እንደ መልስ መቀበል። እኔ በሥራዬ ትሪ የማቀርብና የማነሣ ሰው ነኝ፤ ከሁሉ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። የእኛ እናቶች ምግብ ሲቀርብላቸው «ተመስገን፣ ጠግቤያለሁ» ይላሉ፤ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እስኪባሉ ይጠብቃሉ። እዚህ ያለው ሠራተኛ ግን የሰውን ፈቃድ እንዲያከብር ስለሠለጠነ ትሪውን አንሥቶ ይሄዳል፤ መዝገቡ ላይም «አልበላም ብለዋል» ተብሎ ይጻፋል። ማንም አልበደላቸውም፤ እርሳቸው ግን ተርበው ያድራሉ። ስለዚህ በገቡበት ቀን ይህን ጠባያቸውን ለነርሶቹ ንገሩ። በስልክ «በሉ ወይ?» ማለትም አይበቃም፤ ልጅ እንዳይጨነቅ «አዎ» ነው የሚሉት። በምሳ ሰዓት ሂዱና ተመላሹን ትሪ በዓይናችሁ እዩ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የተባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበል ቤት፣ ነዋሪው የቀረበለትን ካልፈለገ በምግብነቱ የሚመጣጠን ሌላ ምግብ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

«ሥጋ አይበሉም» ብሎ ማለፍ። ወጥ ቤቱ ይህን ሲሰማ የሚልከው እንቁላልና አይብ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምንም 55 ቀናት ከነቀናቸው ጽፋችሁ ስጡ፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማይነኩም በግልጽ አስፍሩ። የፌዴራሉ ደንብ የምግብ ዝርዝሩ የነዋሪዎችን ሃይማኖትና ባህል በተቻለ መጠን እንዲያንጸባርቅ ስለሚያዝ ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። ኢንሱሊን የሚወስዱ እናት ግን እህል ሳይቀምሱ ቢውሉ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ይህን ከልጃቸው አይቀበሉም፤ የንስሐ አባታቸው ይንገሯቸው።

ሳይጠይቁ ምግብ ማምጣት። ከቤት የመጣ ሽሮ ፊታቸውን እንዴት እንደሚያበራው ስላየሁ አታምጡ አልልም። ነገር ግን የመዋጥ ችግር ላለባቸው ሰው ፈሳሽ ሁሉ እንዲወፍር ከታዘዘ፣ አንድ ስኒ ቡና እንኳ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። አስቀድማችሁ ነርሷን ጠይቁ። የተረፈውን አልጋ አጠገብ አትተዉት፤ ስምና ቀን ጽፋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ።

የሌሊቱን ርዝመት መርሳት። እራት ገና ሳይመሽ ይቀርባል። በደንቡ ከእራት እስከ ቁርስ ከ14 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ እስከ 16 ሰዓት የሚፈቀደው ማታ ገንቢ መክሰስ ከተሰጠና ነዋሪዎቹ በጋራ ከተስማሙ ነው። የእናታችሁ መክሰስ በእርግጥ እጃቸው መድረሱን አረጋግጡ።

ክብደትን አለመጠየቅ። በአንድ ወር ከክብደታቸው 5 በመቶ መቀነስ ከባድ ምልክት ነው፤ 60 ኪሎ ለነበሩ እናት 3 ኪሎ ማለት ነው። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ልል ሆኖ፣ ወይም በመድኃኒት ምክንያት ጣዕም ጠፍቶባቸው ሊሆን ይችላል። በየወሩ ቁጥሩን ጠይቃችሁ በደብተር ያዙ፤ ከቀነሰም የአመጋገብ ባለሙያዋ ያለችበት ስብሰባ እንዲጠራላችሁ በዚያው ቀን ጠይቁ።