ትንሿ ጣታችሁ ከደነዘዘች ክርናችሁን ተመልከቱ

ከኮዬ ፈጬ ወደ ከተማ ስገባ መንገዱን ሙሉ ክርኔን አጥፌ ስልክ አያለሁ። ሌሊት ደግሞ እጄን ትራስ ስር አጥፌ እተኛለሁ። አንድ ቀን ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ግማሽ ደንዝዘው ነቃሁ። የተጫነው ክርኔ ላይ ያለው አልናር ነርቭ ነበር። ክርናችን ድንገት ሲመታ እስከ ጣት ድረስ የሚነዝረን እሱ ነው፤ ክርን ሲታጠፍ ይወጠራል፣ መተላለፊያውም ይጠብበታል።

መጀመሪያ የትኛው ጣት እንደሆነ ለዩ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ከሆኑ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ አንጓ ላይ ነው። እግራችሁም አብሮ ከደነዘዘ ስኳር ተመርመሩ።

ከዚያ ሌሊቱን አስተካክሉ፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ፎጣ ክርናችሁ ላይ ጠቅልሉና በሻሽ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። እጃችሁ እንደ እንጨት ይገተር ማለት አይደለም፣ ብዙ እንዳይታጠፍ ብቻ ነው። ቋጠሮው በውስጥ በኩል ባለው አጥንት ላይ አይረፍ፣ ነርቩ የሚያልፈው እዚያ ነውና። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ያስጠላል፤ ቢሆንም ቢያንስ 6 ሳምንት ታገሱት።

ቀን ላይ ክርናችሁን ጠረጴዛም ሆነ የመኪና መስኮት ላይ አትደገፉ። ስልክ በጆሮ ማዳመጫ አውሩ። አይቡፕሮፌን ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ የተጫነውን ነርቭ አያላቅቅም፤ ጨጓራ ያለበት ደግሞ ይጠንቀቅ። እባካችሁ ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ ክርናችሁን አታሳሹ፣ የተቆጣ ነርቭ ሲታሽ ይብስበታል።

አሁን ወረቀት አምጡ። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጎን መሃል ያዙት፣ ሌላ ሰው ይሳበው። ለመያዝ ስትታገሉ የአውራ ጣታችሁ ጫፍ ከታጠፈ፣ ወይም በሁለቱ ጣቶች መሃል ያለው ሥጋ ከጎደጎደ፣ ፎጣውን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የነርቭ ምርመራ ያስፈልጋችኋል። ቆዳችሁ ላይ ነጣ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ካለ ደግሞ የሥጋ ደዌም ይህንኑ ነርቭ ስለሚያጠቃ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። አለርት ሆስፒታል በዚህ በሽታ የቆየ ልምድ አለው፣ በሽታው በመድኃኒት ይድናል፣ መድኃኒቱም ነጻ ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ቀዶ ሕክምናው የሚመጣው የእጃችሁ መድከም ከበረታ ወይም በፎጣውና በጥንቃቄው ለውጥ ካልታየ ነው። ሐኪሙ ነርቩን የሚጫነውን ሽፋን ይከፍታል፤ አንዳንዴም ነርቩን ራሱን ከአጥንቱ ኋላ ወደ ፊት ያዛውረዋል። የትኛውን እንደሚሠራና ለምን እንደመረጠው ቀድማችሁ ጠይቁት። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት ግን ለሳምንታት ይቀራል። የተጎዳ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ ከክርን እስከ ትንሿ ጣት ያለውን ርቀት ስትለኩት ስሜቱ ለመመለስ ለምን ወራት እንደሚፈጅ ይገባችኋል።