ላይተር አልበራ ሲል፦ ከመጣሉ በፊት

የማይበራ ላይተር ሁሉ ባዶ አይደለም። አለቀ ተብሎ ከግቢ ቆሻሻ ጋር እሳት ውስጥ ሲገባ "ጧ!" ብሎ የሚፈነዳውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ምን እንደጎደለው ይለዩ።

ይፈነጥቃል፣ ግን አይያያዝም

ወደ ብርሃን አንስተው ይዩት። ፈሳሽ ከሌለ ጋዙ አልቋል። ካለ ግን ብርዱ ሊሆን ይችላል፤ ቡቴን ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ግፊቱ ይዳከማል፣ በቂ ጋዝ አይወጣም። ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ በኅዳር ውርጭ ጠዋት የሚያጋጥመው ይኸው ነው። በመዳፍ ጨብጠው ጥቂት ደቂቃ ያሙቁት። ምድጃ ዳር ማስጠጋት አይታሰብም። ጣርማበርን ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ላይተር ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይችልም፣ ፀሐይ በሚመታው ዳሽቦርድ ላይ አይተውት።

ሽሽ ይላል፣ ግን አይፈነጥቅም

ድንጋዩ አልቋል፤ ጋዙ ግን ሙሉ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ጋዙ ካለቀበት ሌላ ላይተር ድንጋይ ማዛወር ይቻላል፦ መከለያ ቆርቆሮውን በወረንጦ ያንሱ፣ ጥርስ ያላትን ጎማ ያውጡ። ከሥሯ ያለው ስፕሪንግ ተስፈንጥሮ ይወጣልና ፊትዎን ያርቁ፤ ድንጋዩ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ስለሆነ ነጭ ጨርቅ ላይ ቢሠሩ አይጠፋብዎትም። ሲመልሱ መጀመሪያ ስፕሪንጉ፣ ቀጥሎ ድንጋዩ፣ ከዚያ ጎማው።

ጣት ከተነሳ በኋላም ሽሽ ማለቱን አያቆምም

አብዛኛውን ጊዜ የኪስ ብናኝ መጫኛው ሥር ገብቶ ነው። እፍ ብለው ያጽዱት። ካላቆመ አይለኩሱት፣ ወደ ውጭ ያውጡት።

ሊጣል ሲል

ነፋስ ባለበት ደጅ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀው ጎማውን ያውጡ፤ ብልጭታ እንዳይኖር ነው። የነበልባል ማስተካከያውን ወደ ከፍተኛው ይግፉ፣ መጫኛውን በላስቲክ ጠፍረው ይተዉት። አፉ ላይ ውርጭ ቢሠራ አይደንግጡ፤ ጋዙ ሲወጣ ያቀዘቅዘዋል። ድምፁ ስለጠፋ ብቻ አለቀ አይበሉ፤ ልጆች በማይደርሱበት ደጅ አሳድረው ፈሳሽ አለመኖሩን እንደገና ይዩ። ከዚያ በኋላ ለቁራሌው መስጠትም ሆነ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር መጣል ይቻላል። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ግን አይጣልም፤ ቡቴን ከአየር ስለሚከብድ እዚያው ይተኛል።

ታች መብራት ያለው ከሆነ የሰዓት ባትሪ የመሰሉትን ትንንሽ ባትሪዎች አስቀድመው ያውጡ። ሕፃን ከዋጠ ጉሮሮውን ያቃጥሉታልና ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

መሙላት

ከሥሩ የመሙያ ቀዳዳ ያለው ብቻ ይሞላል፤ እሱም በላይተር ጋዝ። የወጥ ቤት ሲሊንደር ጋዝ ፕሮፔን ሊኖርበት ስለሚችልና የፕሮፔን ግፊት ከቡቴን በብዙ ስለሚበልጥ ፕላስቲኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ላይተሩን ዘቅዝቀው፣ የላይተር ጋዙን ቆርቆሮ ከላይ አፉን ወደታች አድርገው ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይጫኑ፤ ከመለኮስዎ በፊት 5 ደቂቃ ይጠብቁ።