አንድ ሳምንት በቡታን፦ ከቪዛ እስከ ኤማ ዳትሲ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሂማላያ ተራሮች ውስጥ ወዳለችው ቡታን ለሚገባ ሰው ከፍታው ብርቅ አይሆንበትም። የፓሮ አውሮፕላን ማረፊያ 2,200 ሜትር፣ ዋና ከተማዋ ቲምፉ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ አዲስ አበባም ያው ነች። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የሚነሳ ግን የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብሎ ቢራመድና ውኃ ቢያበዛ ይሻለዋል። ጉዞውን የሚያበላሹት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ የአዳር ክፍያው፣ የሻንጣ ጣጣና መንገዱ።

ከገንዘቡ እንጀምር። ቪዛው 40 ዶላር ነው፤ አንዴ ይከፈላል። ከዚያ በላይ አንድ አዋቂ ለእያንዳንዱ አዳር 100 ዶላር ለመንግሥት ይከፍላል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ግማሹን ሲከፍሉ ከ6 ዓመት በታች ያሉት ነፃ ናቸው። ስድስት አዳር የሚቆይ ሰው ገና ሆቴል፣ ምግብና መኪና ሳይነሳ 640 ዶላር አወጣ ማለት ነው። ከፓሮና ከቲምፉ ውጭ ያለ አስጎብኚ ስለማይኬድ ብዙው ሰው ጉዳዩን ለአገሬው አስጎብኚ ድርጅት ይሰጣል። ድርጅቱ «ሁሉን ያካተተ» ብሎ አንድ ቁጥር ከላከላችሁ የመንግሥቱን ክፍያ ለብቻው አውጥቶ እንዲጽፍ ጠይቁ፤ አለበለዚያ አንዱን ከሌላው ማወዳደር አይቻልም። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን።

ቢጫ ካርድ አትርሱ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል፤ በተለይ ሕንድ ላይ ቀልድ የለም፣ ካርድ የሌለውን ለይተው ሊያቆዩት ይችላሉ። ማስረጃው የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በበረራው ዋዜማ ጤና ጣቢያ መሮጥ ምንም አይፈይድም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እስከ ደልሂ ወይም ባንኮክ ያደርሳል። ከዚያ ፓሮ የሚገባው በድሩክ ኤር ወይም በቡታን ኤርላይንስ ነው። ሁለቱን ትኬት ለየብቻ ከገዛችሁ ሻንጣችሁ በቀጥታ ላይሻገር ይችላል፤ ሻንጣውን ለመቀበል ደግሞ ኢሚግሬሽን ማለፍ፣ ኢሚግሬሽን ለማለፍ የዚያን አገር ቪዛ መያዝ ግድ ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሻንጣው እስከ ፓሮ ይሄድ እንደሆነ አረጋግጡ። ፓሮ በተራሮች መካከል የተወሸቀች ጠባብ ሸለቆ ናት፤ አብራሪዎቹ የሚያርፉት በቀን ብርሃን፣ በዓይናቸው እያዩ ነው። ደመና ከወረደ በረራው ይዘገያል፣ አንዳንዴም ለነገ ያድራል። ስለዚህ ስትመለሱ ደልሂ ወይም ባንኮክ ላይ አንድ አዳር ትርፍ ያዙ። ከደልሂ ስትሄዱ በግራ በኩል መስኮት ለያዘ፣ ሰማዩ ከጠራ ኤቨረስት ይታየዋል።

ክረምታቸው ከእኛው ጋር ይገጥማል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ናዳ መንገድ ይዘጋል። ጥሩው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፣ ወይም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው።

የጉዞ ዕቅድ ሲወጣ ካርታ ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ያታልላል። ከቲምፉ ፑናካ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ 3,100 ሜትር ላይ ያለውን ዶቹላ የተባለ በር ተሻግራችሁ እስከ 1,200 ሜትር ትወርዳላችሁ። መኪና የሚያቅለሸልሸው ሰው ፊት ለፊት ይቀመጥ። ቲምፉ ሁለት፣ ፑናካ ሁለት፣ ፓሮ ሁለት አዳር ብትመድቡ ይበቃል። ፎብጂካ የተባለው ሸለቆ ለመድረስ አንድ አዳር መጨመር ያስፈልጋል፤ አንገታቸው ጥቁር የሆነ፣ ሽመላ የሚመስሉ ረጃጅም ወፎች ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት እዚያ ይከርማሉ፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። በአንድ ሻንጣ ውስጥ ቲሸርትም ወፍራም ጃኬትም ይኑር።

ፓሮ አጠገብ ያለውን የታክትሳንግን ገዳም ለመጨረሻው ሙሉ ቀን አቆዩት፤ እግር እስኪፈታ ድረስ ማለት ነው። ገደል ላይ የተለጠፈው ይህ ገዳም የተሠራው በ1692 ሲሆን በ1998 ተቃጥሎ በ2005 እንደገና ተጠናቋል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ትኬቱ የሚቆረጠው ታች፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ፤ ዘግይቶ የጀመረ ፀሐይም ሰውም ይጋፋዋል። ዳገቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። መጋለብ ለሚፈልግ ፈረስ ይከራያል፤ የሚያደርሰው ግን እስከ መንገዱ አጋማሽ አካባቢ ነው፣ ሲመለሱም አይጫኑበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገዳሙ ፊት ለፊት ሲታየው «ደረስኩ» ብሎ ውኃውን ሲጨርስ ነው፤ ገና ወደ ፏፏቴው ቁልቁል ወርዶ መልሶ የሚወጣ 700 ያህል ደረጃ አለ። ቦርሳና ስልክ በር ላይ ይቀራል፤ ውስጥ ፎቶ አይነሳም።

ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። ኮፍያም ይወልቃል፤ እጅጌው ረዥም ልብስና ሱሪ ወይም ረዥም ቀሚስ ይለበሳል። ቾርተን የሚባለውን የጸሎት ግንብ ሁልጊዜ በቀኛችሁ አድርጋችሁ ዙሩ። ዞንግ የሚባሉት ምሽጎች ግማሻቸው ገዳም፣ ግማሻቸው የመንግሥት ቢሮ ናቸው፤ የቲምፉው ታሺቾ ዞንግ በሥራ ቀን ለጎብኚ የሚከፈተው ሠራተኛው ከወጣ በኋላ፣ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ነው። ወንዶቹ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጎ ለብሰው በመቀነት ያስሩታል፤ ደረቱ ላይ የሚፈጠረው ኪስ ከስልክ ጀምሮ ሁሉን ይይዛል።

ቤት ከተጋበዛችሁ የመጀመሪያውን መስተንግዶ አፍን በእጅ ሸፈን አድርጎ «ሜሹ ሜሹ» ብሎ አለመቀበል ወግ ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሲሰጡ ተቀበሉ። ሱጃ የሚሉት ሻይ ጨውና ቅቤ አለበት፤ ቡናውን በጨውና በቅቤ ለለመደ አገሬ ነው።

ጾመኛ ልብ ይበል፦ ሥጋ መተው ቀላል ነው፣ አይብና ቅቤ ግን አትክልቱ ሁሉ ውስጥ ይገባል። «ያለ ዳትሲ (ያለ አይብ)፣ ያለ ቅቤ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ምስር፣ ሩዝና ናኬ የሚባለው የፈርን ቡቃያ ያጠግባል።

ለፍስክ ግን ኤማ ዳትሲን እዚያም ብሉ፣ ቤትም ሥሩት። ኤማ ቃሪያ፣ ዳትሲ አይብ ነው፤ ቃሪያው ማጣፈጫ ሳይሆን ራሱ አትክልቱ ነው። ለአራት ሰው ሩብ ኪሎ ቃሪያ ፍሬውን አውጥታችሁ በቁመቱ ሰንጥቁ። ከአንድ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ከሁለት የሻይ ማንኪያ ዘይትና ከ400 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር 10 ደቂቃ ቀቅሉ። ሁለት ቲማቲምና አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ሩብ ኪሎ አይብ ከላይ በትኑበት። ሦስት ደቂቃ ሳታማስሉ ተዉት፤ ቀድሞ የተማሰለ ይቋጥራል። ዳትሲ እንደ እኛው አይብ ከአሬራ የሚወጣ ነው፤ ሆኖም የገበያው አይባችን ብቻውን ሲገባ ይፈረፈርና መረቁ ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ ግማሹን የሚቀልጥ ቺዝ አድርጉት። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ቀምሳችሁ። ከቀይ ሩዝ ጋር ይቀርባል፤ እነሱ መጀመሪያ ትንሽ ሩዝ በመዳፋቸው ጠቅልለው እጃቸውን ያጸዱበታል፣ ከዚያ መብላት ይጀምራሉ።