ጉማሬው ሲያዛጋ፦ እያስፈራ የሚያስቅ የግጥም መጽሐፍ ቤት ውስጥ መሥራት

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ማታ ተረት ስነግራት አያ ጅቦ ካልመጣ አትሰማኝም። «እና በላው?» ትለኛለች። «አልበላውም» ካልኩ ታኮርፋለች። እያስፈሩ የሚያስቁ፣ ሥዕል ያላቸው የግጥም መጻሕፍት መሥራት የጀመርኩት እሷን ብዬ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር፣ በኤ ፎር ወረቀትና በጥቁር እስክሪብቶ። እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የፍራንክፈርቱ ሐኪም ሃይንሪሽ ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1844 ለሦስት ዓመት ልጁ የገና ስጦታ የሚሆን መጽሐፍ ፍለጋ ወጣ። የሚሆነውን አጣ። ባዶ ደብተር ገዝቶ ገባና ግጥሙንም ሥዕሉንም ራሱ ሠራው። እዛ ውስጥ ሾርባ አልበላም ያለ ልጅ አለ፤ በአምስተኛው ቀን ይሞታል። መጨረሻ ላይ መቃብሩ ተሥሏል፣ መቃብሩ ላይ ደግሞ የሾርባ ዕቃ ተቀምጧል። ግጥሙ ስለ ዕቃው አንድ ቃል አይናገርም። ይሄን ያዙልኝ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ጎሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ 26ቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት ይዞ 26 ሕፃናትን በተራ ገደለ፤ ለአንድ ልጅ አንድ መስመር።

እኛ ደግሞ 33 ፊደል አለን። ለእያንዳንዱ አንድ ልጅ ስጡት። «አበበ በሶ በላ» ብሎ ያልተማረ ስለሌለ አ ላይ አበበን አስገቡ፤ ስሙን ሲሰማ ቤቱ ሁሉ ፈገግ ይላል። ሰባቱንም ድምፅ ተጠቀሙ እንጂ በግዕዙ ብቻ አትታሰሩ። ለሠ ሠናይት አለች። ዠ ሲያስቸግራችሁ ዥዋዥዌ አለላችሁ፣ ለአደጋ ከዥዋዥዌ የተሻለ ነገር የለም። ለፐ ፓፓያ ከዛፍ ይውደቅ። ለኸ ግን ፊደሉ ቃሉ መሀል ላይ ቢገኝም ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰባት ፊደል ብቻ ምረጡ። ሁሉንም በአንዴ የጀመረ ሰው መሀል ላይ ይሰለቸዋል።

አሁን ግጥሙ። እኔ የወል ቤት ነው የምወደው፤ ስንኙ መሀሉ ላይ ይከፈላል፣ ግራው ስድስት ቀኙ ስድስት ቀለም። ቀለም ማለት ሲነበብ ድምፁ ለብቻው የሚሰማ ፊደል ነው። በጣት ቁጠሩት። ድምፅ የሌለው ሳድስ አይቆጠርም፣ ስለዚህ «ጉማሬን» ሦስት ነው እንጂ አራት አይደለም። ፈጠን ያለ ከፈለጋችሁ ሰንጎ መገን አለ፣ አምስት በአምስት። ይሄው የኔ አበበ፦

አበበ ጉማሬን «በቅሎዬ ሁን» አለ፤
በቅሎው አዛጋና አበበ የታለ?

መጀመሪያ የጻፍኩት ግን እንዲህ ነበር፦

ጉማሬው አበበን አኝኮ ጨረሰው፤
ደሙ ፈሰሰና ሐይቁን አለበሰው።

ቤቱ ይመታል፣ ቀለሙም ሞልቷል። ግን ለልጅቷ ሳነብላት ዝም አለች፣ ከዛ መጽሐፉን በእጇ ዘጋችው። አልሳቀችም። ለምን እንደሆነ ብዙ አሰብኩበት። ደሙን እኔው አፍስሼ ስለጨረስኩት ለእሷ የሚቀራት ነገር የለም፤ ፍርሃት ብቻ ነው የተረፋት። «አዛጋ» ሲባል ግን አበበ የት እንደገባ ራሷ ትደርስበታለች፤ ሳቁም የሚመጣው እዛ ላይ ነው። «አክስቴ፣ ድገሚው!» አለችኝ። ደግሞም ውሸት አይደለም። ጉማሬ አፉን የሚከፍተው እንቅልፍ መጥቶበት ሳይሆን ሊያስፈራራ ነው። እውነቱን በትክክል ካወቃችሁ ማጋነን አያስፈልጋችሁም። ድምፃችሁም የተረጋጋ ይሁን፤ የቀን ውሎ እንደሚያወራ ሰው።

ቤት ስለመምታት አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን በግሥ ስለሚዘጋ ሰው ሁሉ «አለ»፣ «ሄደ»፣ «መጣ» ላይ ይወድቃል። ቃሉን ገልብጡና ስሙን ወደ መጨረሻ አምጡት፦

«ትንሽ ወደ ኋላ» አለው ፎቶ አንሺ፤
ፎቶውስ አማረ፣ ግን ጠፋ ተነሺ።

ይሄ ለጭስ ዓባይ የጻፍኩት ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት አንሺና ተነሺን ነበር፣ ሌላው ከኋላ ተከትሎ መጣ። እናንተም ከመጨረሻው ቃል ጀምሩ። ልጆች ካሉ እንካ ስላንትያ አጫውቷቸው፤ እኔ ሳስብ የማድርበትን ቃል እነሱ ወዲያው ያመጡታል።

ሥዕሉ ላይ ያ የሾርባ ዕቃ ትዝ ይበላችሁ። ሥዕሉ ግጥሙ ያላለውን ይናገር። የአበበን መበላት አልሣልኩም። ባዶ ታንኳ ሣልኩ፣ ከደንገል የተሠራ፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ። ውኃው ላይ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች። አጠገባቸው አንድ እግር ኮንጎ ጫማ ይንሳፈፋል። በቃ። በእርሳስ ብቻ ከሣላችሁ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ይደበዝዛል፤ በጥቁር ቀለም ድገሙበት። ጥላውን ቀጫጭን መስመር በመስመር ላይ እያጠላለፋችሁ አጥቁሩት። ሥዕል አልችልም የምትሉ ዘጌ ተሻገሩና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳው ፊት ቁሙ። በጥንቱ አሣሣል ደጉ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ክፉው ደግሞ በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ጉማሬዬን በአንድ ዓይን ሳደርገው ልጅቷ ምንም ሳልነግራት «ይሄ ተንኮለኛ ነው» አለች።

አጣጣፉ ቀላል ነው። አንድ ወረቀት መሀሉ ላይ ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል። የመጀመሪያው ስንኝ በቀኝ ገጽ ላይ ይሁን፣ ሁለተኛው ስንኝና ሥዕሉ ደግሞ ሲገለጥ ከጀርባው። ገጹ እስኪገለጥ ያለችው ጊዜ ትልቅ ናት፤ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሰባት ፊደል 14 ገጽ ይፈጃል፤ ከፊት ለርዕስ ሁለት ጨምሩና 16፣ ማለት አራት ወረቀት። 33ቱን ካደረሳችሁ 17 ወረቀት ይሆናል። ያን ያህል ተራ ስቴፕለር ሊያስቸግራችሁ ይችላል፣ በመርፌና በክር ስፉት። ሽፋኑን ከካርቶን ለብቻ አልብሱት።

የማላስገባቸው ነገሮች አሉ። ጥይት አላስገባም። ረሃብም አላስገባም። እነዚህ እኛ አገር ልጅ በዓይኑ ያያቸው ነገሮች ናቸው፣ ስለዚህ ጨዋታ አይሆኑም። የሰፈር ልጅ ስም አልጠቀምም። ሐይቁ ሰው የወሰደበት ቤት ካለ ያን መጽሐፍ ይዤ አልሄድም፣ ኀዘን ያለበት ቤት ደግሞ ጭራሽ አላነሳውም። አንዱ ልጅ ፊቱን ካዞረ እዛው አቆማለሁ። ማስፈራት የሚቻለው እቅፍ ውስጥ ላለ ልጅ ነው።

መጽሐፉን ለትልልቆችም አንብቡላቸው። ለልጅ ብቻ የሚያስቅ ከሆነ አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው። እኔ አያቴን ቡና ላይ ነው የማገኛቸው። አበበን ሳነብላቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡና ሥዕሉን አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ልጅቷ እየሳቀች ትጠብቃቸዋለች። በመጨረሻ ቀና ብለው «ለመሆኑ ታንኳው የማን ነው?» አሉኝ። ሁላችንም ፍርስ አልን። ግጥሙ ላይ መልስ አልጨመርኩም። በሥዕሉ ጥግ ግን፣ ደንገሉ አጠገብ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቆመ ሰውዬ ሣልኩ።