ያገለገለ ሳምሰንግ ኤ40 ልትገዙ ነው? እንዲህ አድርጋችሁ ፈትሹት

ትንሽ ስልክ የሚወድ ሰው አሁን ተቸግሯል። ባህር ዳርም ግቡ ማርቆስ፣ ሞባይል ቤት የሚሰጧችሁ ሁሉ 6.5 ኢንችና ከዛ በላይ ነው፣ ኪስ ውስጥ ከትታችሁት ስትቀመጡ ይወጋል፣ በአንድ እጅ ልፃፍ ብትሉ ጣታችሁ አይደርስም። ለዛ ነው እስካሁን ኤ40 የሚያፈላልግ የማይጠፋው። በፈረንጆቹ 2019 የወጣ ስልክ ነው፣ ስክሪኑ 5.9 ኢንች አሞሌድ (እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚበራ ስክሪን)፣ ክብደቱ 140 ግራም፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ውስጡ 64 ጊጋ ይይዛል። እኔ በጣም የምወድለት ግን ሁለት ሲም ከተው ሚሞሪ ካርዱም የራሱ ቦታ ያለው መሆኑ ነው፣ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም አንድ ላይ ይዞ በዛ ላይ መዝሙሩን ፊልሙን በሚሞሪ ጭኖ ለሚሄድ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ዳታ ሲጠፋም የሚታይ አለው።

ደካማ ጎኑ ባትሪው ነው፣ ቁርጡን እወቁት። አዲስ እያለም 3100 ሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ ነበር፣ አሁን የሚሸጡት አብዛኞቹ 5000 ናቸው። ሱቅ ወይ ቢሮ የምትውሉ ሶኬት አጠገባችሁ ያለ ከሆነ ምንም አይላችሁም። ጠዋት ከቢቸና ወይ ከሞጣ ገጠር ወጥቶ ማታ የሚመለስ የግብርና ወይ የጤና ሰራተኛ ግን ያለ ፓወር ባንክ ይሄን ስልክ ባይገዛ ይሻለዋል፣ መብራት የጠፋ ቀንማ ጭራሽ።

አሁን ወደ ፍተሻው። ስክሪኑን መጀመሪያ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኦርጅናሉ አሞሌድ ውድ ስለሆነ ሲሰበር ብዙ ጊዜ በርካሽ ኤልሲዲ (ከኋላው መብራት ባለው ስክሪን) ይቀየራል፣ ሻጩም ላያውቀው ይችላል። መደወያው ላይ *#0*# ፃፉ፣ የሳምሰንግ መፈተሻ ይከፈታል (እምቢ ካለ ወይ የምትፈልጉት ቀለም ከሌለበት ሙሉ ጥቁር ፎቶና ሙሉ ነጭ ፎቶ ጋለሪው ላይ አድርጋችሁ ተጠቀሙ)። ብራይትነሱን ቀድማችሁ እስከመጨረሻ ጨምሩና ጥቁሩን ክፈቱ፣ ከዛ ስልኩን ጃኬታችሁ ውስጥ ወይ ጠረጴዛ ስር ጨለማ ቦታ አስገብታችሁ እዩት። አሞሌድ ከሆነ ጥቁሩ ድርግም ይላል፣ ስልኩ የጠፋ ነው የሚመስላችሁ። ግራጫ የመሰለ ብርሃን ከውስጥ ካበራ፣ በተለይ ከጠርዙ አካባቢ፣ ተቀይሯል ማለት ነው። ቀጥሎ ነጩንና ቀዩን ክፈቱ፣ ከታች ኪቦርዱ በነበረበት ቦታ ወይ ከላይ ሰዓቱ ጋ ጥላ የመሰለ ነገር ቀርቶ ካያችሁ ስክሪኑ ተቃጥሏል፣ ያ ደግሞ አይለቅም። ንክኪውንም እዛው መፈተሻው ላይ ሳጥኖቹን በጣት እየሞላችሁ እዩ፣ አንድም ቦታ መዝለል የለበትም።

ለባትሪው ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ የምታደርጉት ቀላል ነገር አለ። ስንት ፐርሰንት እንዳለ ያዙ፣ ብራይትነሱን ጨምራችሁ 10 ደቂቃ ቪዲዮ ቅረፁ። ጥቂት ፐርሰንት ቢወርድ ጤነኛ ነው፣ 10 ከወረደ ወይ ደግሞ ከ40 በአንዴ 33 ላይ ዝልል ካለ ባትሪው አልቋል፣ የባትሪ መቀየሪያውን ከዋጋው አስቀንሱ። ጀርባውን በጎን በኩል አስተውሉ፣ ከፍ ብሎ ክፍተት ካለው ባትሪው አብጧል፣ እሱን በርካሽ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፣ አደጋ አለው። ቻርጀር ሰክታችሁ ገመዱን ትንሽ ወዝወዝ አድርጉት፣ ቻርጁ እየተቋረጠ ከተመለሰ ወይ አቧራ ገብቶበታል (ስልኩን አጥፍቶ በቀጭን የእንጨት ስቴኪኒ ይወጣል) ወይ የስልኩ ቻርጅ መሰኪያ ሞቷል።

ካሜራው ቀን ላይ ጥሩ ነው፣ ዋናው 16 ሜጋፒክስል ነው፣ የፊቱ 25። ማታ ግን ደካማ ነው፣ የፋሲካን ሌሊት በጧፍ ብርሃን ላነሳ ብትሉ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቪዲዮውም 1080 ነው፣ የእጅ እንቅስቃሴን የሚያረጋጋ ኦፕቲካል ማረጋጊያ የለውም፣ ጥር 23 እንጅባራ ሄዳችሁ የአገው ፈረሰኞችን ሲጋልቡ ልትቀርፁ ከሆነ የምትደገፉበት ነገር ፈልጉ።

ውሃ አይችልም፣ የክረምቱን ዝናብ ስለምታውቁት ላስቲክ ነገር ያዙ።

ሲስተሙ አንድሮይድ 11 ላይ ቆሟል፣ ከዛ በላይ አይሄድም። የባንክ አፖች ቀስ በቀስ አዲስ ሲስተም እየጠየቁ ስለሚሄዱ ብዙ ዓመት እይዘዋለሁ ብላችሁ አትግዙ፣ ለሞባይል ባንኪንግ የምትጠቀሙ ከሆነ የባንካችሁን አፕ እዛው ጭናችሁ መክፈቱን እዩ።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ *#06# ፃፉና የሚመጣውን አይኤምኢአይ (የስልኩን መለያ ቁጥር) ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ። ሁለቱንም ሲም ከታችሁ በሁለቱም ደውሉ። ከዛ ሻጩ የራሱን የጎግልና የሳምሰንግ አካውንት ከሴቲንግ ገብቶ እፊታችሁ ያውጣ፣ ቀጥሎ ፎርማት ይደረግ፣ ተነስቶ እስከ መጨረሻው እስኪከፈት ጠብቁ። አካውንቱ ሳይወጣ ፎርማት ከተደረገ ስልኩ የድሮውን ባለቤት ኢሜይልና ፓስወርድ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ያኔ ሰውየውን ከየት ታመጡታላችሁ? "ቤት ሄደህ ታስተካክለዋለህ ወንድምዓለም" ቢሏችሁ እሺ አትበሉ።

ከገዛችሁት በኋላ ዳርክ ሞድ አብሩት፣ አሞሌድ ላይ ጥቁሩ ቦታ መብራት ስለማይበላ እውነትም ይቆጥባል። ባትሪ ሴቲንግ ውስጥ የትኛው አፕ እንደሚበላ እዩና ከጀርባ የሚሰሩትን አስተኟቸው። አዲስ አበባ ስትሄዱ ከደጀን ወርዳችሁ አባይ በረሃ ውስጥ ኔትወርኩ ሲደክም ስልኩ ሲግናል እየፈለገ ባትሪውን ይጨርሰዋል፣ ጎሃ ፅዮን እስክትወጡ ኤሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት።