ከኤሲ በሚፈስ ውኃ የሚመጣ ሻጋታ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ የከፋው ውኃውን ሳያቆሙ ቀለም መቀባት ነው። ሸዋ ሮቢትም ይሁን አጣዬ፣ ከኤሲው ሥር ግድግዳው ሲጠቁር መጀመሪያ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው። ስቱኮ ይለጠፋል፣ ቀለም ይደረባል፤ ብዙ ሳይቆይ ቀለሙ አብጦ ይላጥና ጥቁሩ ተመልሶ ይወጣል። የረጠበ ግድግዳ ላይ ሻጋታ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል መብቀል ይጀምራል፤ ቀለም ደግሞ እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል እንጂ አያደርቀውም። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ!

ብሬከሩን አጥፉ፤ ክዳኑን ክፈቱና ፊልተሩን አውጡ። አንድ ሊትር ውኃ በማቀዝቀዣው ቀጫጭን ክንፎች ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፤ ከሥር ወዳለው ገንዳ ይወርዳል። ውጭ ባለው የቱቦ ጫፍ ቶሎ ካልወጣ ቱቦው በአቧራና በዝቃጭ ተደፍኗል። በአንድ ጎን ከተንጠባጠበ ኤሲው ሲሰቀል አዘንብሏል፤ በውኃ ልክ ይታይ። ክንፎቹ ላይ በረዶ የሚጋገር ከሆነ ወይ ፊልተሩ ቆሽሿል፣ ወይ ጋዙ ጎድሏል፤ በረዶው ሲቀልጥ ነው ገንዳውን ሞልቶ የሚፈሰው። ጋዝ በሥራ ብዛት አያልቅም፤ ያመለጠበት ቀዳዳ ሳይገኝ ሞልቶ ለሚሄድ ባለሙያ ገንዘብ አትክፈሉ።

የተደፈነውን ቱቦ በሽቦ አትውጉ። ግድግዳ ውስጥ ያለው የተሸበሸበ ላስቲክ ይቀደዳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም የማያየው ፍሳሽ ይጀምራል። ከውጭ መንፋትም ዝቃጩን ወደ ገንዳው ይመልሰዋል። ከውጭ ጫፉ ውኃ በሚስብ ቫኪዩም ማሽን ሳቡት፤ ማሽኑ ከሌለ ከውስጥ በኩል ለብ ባለ ውኃ እጠቡት። ቱቦው በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ቁልቁል መሄድ አለበት።

የቱቦውን ጫፍ ጄሪካን ውስጥ መንከርም የተለመደ ነው። ውኃውን ለአትክልት ማጠራቀሙ መልካም ነው፤ ጫፉ ግን ከውኃው በላይ ይንጠልጠል፣ አለዚያ አየር ታፍኖ ውኃው ወደ ቤት ይመለሳል።

በረኪና ለሁሉም አይሆንም። ለሴራሚክና ለመስታወት 240 ሚሊ ሊትሩን በ4 ሊትር ውኃ በጥብጡ፤ ከአቼቶ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የሻገተ የጂብሰም ወይም የችፑድ ኮርኒስ ግን ታጥቦ አይድንም፤ ከሚታየው ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር አልፋችሁ ቆርጣችሁ ጣሉት። በጭቃ ቤት ደግሞ ጭዱ ራሱ ለሻጋታው ምግብ ነው፤ ምርጊቱን ጠንካራው ክፍል እስኪደረስ ፍቁና እንደገና ምረጉ።

በደረቁ መፋቅ ብናኙን ቤት ሙሉ ይበትናል፤ በመርጫ ትንሽ አርጥቡት፣ ኤን-95 ማስክና ጓንት አድርጉ፣ አስም ያለበት ሰውና ሕፃናት ከቤት ይውጡ።

ግድግዳ ለማድረቅ በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል። መስኮት ከፍታችሁ ቬንትሌተር አብሩ።

ዕጣን ሽታውን ይሸፍናል፤ ሻጋታውን አይነካውም።

ደርቋል ብላችሁ በእጅ ዳሰሳ አትፍረዱ። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ አራቱንም ጠርዝ በስኮች አሽጉ። ከ24 ሰዓት በኋላ ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ከታየ ገና ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ላስቲኩ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ነው ስቱኮና ቀለም የሚገዛው፤ ለጭቃ ግድግዳ ከዘይት ቀለም ይልቅ እርጥበት የሚያሳልፈው ኖራ ይሻላል።