ሃይስኩል ሆናችሁ ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ ኢንተርንሺፕ እንዴት እንደሚገኝ (በተለይ ከተማ ዳር ለምትኖሩ)

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። "የሃይስኩል ተማሪ ላብ ውስጥ እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ እስኪወጣ ከጠበቃችሁ 12ኛ ክፍልን ጨርሳችሁ ትወጣላችሁ። እኛ ጋር ኢንተርንሺፕ (ስራ ቦታ ገብቶ መለማመድ) የሚባለው ነገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ታስቦ ነው የተዘጋጀው፣ ፎርሙም አሰራሩም ለነሱ ነው። ስለዚህ ክፍት ቦታ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፣ "እሺ ና፣ እሺ ነይ" የሚል አንድ ሰው ፈልጉ።

ፍለጋውን ከቤታችሁ አካባቢ ጀምሩ። ሁሉም ሰው ላብ ሲባል አራት ኪሎ ነው የሚታየው፣ ግን ኮዬ ፈጬ ወይ ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ልጅ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አፍንጫው ስር ነው። ሰበታ ያላችሁ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም የዓሳ ምርምር ማዕከሉም እዛው ናቸው፣ በሆለታ መስመር ያላችሁ የግብርና ምርምር ማዕከሉ አለላችሁ፣ ለገጣፎ ያላችሁ ደሞ የለገዳዲ ውሃ ማጣሪያ። ቅርብ ይሁን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፣ ኢንተርንሺፑ የሚሆነው ባብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፣ በዛ ዝናብና ጭቃ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ይዛችሁ ሁለት ቦታ እየቀየራችሁ መሄድ በሁለተኛው ሳምንት ያስመርራል፣ የትራንስፖርቱን ብር ደሞ እናንተው ናችሁ የምትከፍሉት፣ ክፍያ አትጠብቁ።

ትልልቅ ስሞች ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። የወተት ማቀነባበሪያ፣ የቢራ፣ የለስላሳ፣ የዘይት ፋብሪካ ሁሉ የጥራት ቁጥጥር ላብ አለው፣ ከተማ ዳር ደሞ ፋብሪካ ሞልቷል። እኔን ብትጠይቁኝ ለሃይስኩል ልጅ ከሁሉም የሚሻለው የውሃና የምግብ ላብ ነው። ስራው ቶሎ ይገባችኋል፣ በየቀኑ ይደጋገማል፣ የተማራችሁትን ኬሚስትሪ በእጃችሁ ትነኩታላችሁ። ውሃ ላይ ድፍርስነት፣ ፒኤችና ቀሪ ክሎሪን (ውሃው ከታከመ በኋላ ውስጡ የሚቀረው ክሎሪን) ይለካል፣ ለምሳሌ የአለም ጤና ድርጅት ውሃው ቧንቧችን ጋ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን ይኑረው ይላል። ወተት ላይ በላክቶሜትር ጥግግቱን ያያሉ፣ ውሃ ከተቀላቀለበት ቁጥሩ ይወርዳል። ከዛ የአልኮል ቴስት አለ፣ መኮምጠጥ የጀመረ ወተት አልኮል ሲነካው ይረጋል። አንድ ቀን ቆማችሁ ካያችሁት አትረሱትም።

የበሽታ ምርምር ላብ ግን ሌላ ነው። አለርት ግቢ ያለው አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ በ1970 ለስጋ ደዌ ምርምር የተቋቋመ ነው፣ ዛሬ ቲቢና ሌሎችም በሽታዎች ላይ ይሰራል። እንደዚህ አይነት ቦታ ከ18 አመት በታች የሆነን ልጅ ናሙና እንዲነካ ይፈቅዳሉ ብላችሁ አትጠብቁ፣ ልክም ናቸው። እዛ የምትሄዱ ከሆነ ጉብኝት ወይ ዳታ ማስገባት ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማንን ነው የምትጠይቁት? ዲኑን ወይ ስራ አስኪያጁን አይደለም፣ እሱ ጋር ደብዳቤያችሁ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ላብ ቴክኒሻኑንና የማስተርስ ተማሪዎቹን ፈልጉ። የማስተርስ ተማሪ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ቴሲሱን (የመመረቂያ ጥናቱን) እየሰራ ፋታ የለውም፣ ብልቃጥ የሚያጥብለት፣ ናሙና ላይ ስም የሚለጥፍለት፣ ቁጥር የሚመዘግብለት ሰው ቢያገኝ ደስ ነው የሚለው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ደሞ ከማስተማርና ከምርምር ሌላ የማህበረሰብ አገልግሎት የሚባል ግዴታ አለበት፣ የሰፈር ተማሪን ማገዝ እዛ ውስጥ ይገባለታል፣ ስለዚህ ስትጠይቁት ልመና አድርጋችሁ አትዩት። ስሞቹን ከዩኒቨርሲቲው ዌብሳይት ዲፓርትመንቱ ገፅ ላይ ታገኛላችሁ። በር ላይ ጥበቃው "ማንን ፈልጋችሁ?" ሲላችሁ ስም ካልጠራችሁ አትገቡም፣ "ላብ ለማየት ነው ጋሼ" አይሰራም።

የምትልኩት መልእክት አጭር ይሁን፣ ኢሜይልም ይሁን ቴሌግራም። እንደዚህ አይነት፦

"ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ እገሌ እባላለሁ፣ ቱሉ ዲምቱ የምኖር የ11ኛ ክፍል ናቹራል ተማሪ ነኝ። እርስዎ በውሃ ጥራት ላይ እንደሚሰሩ አይቼ ነው የፃፍኩልዎት። ክረምት ላይ ለአራት ሳምንት፣ በሳምንት ሶስት ቀን ጠዋት ላብ ውስጥ እቃ በማጠብና በመመዝገብ እያገዝኩ መማር እፈልጋለሁ። ከትምህርት ቤቴ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከወላጆቼ ደሞ የስምምነት ፊርማ ይዤ መምጣት እችላለሁ። አስር ደቂቃ የሚያገኙበት ቀን ካለ መጥቼ ላነጋግርዎት?"

ልብ በሉ፣ ስንት ሳምንት፣ ስንት ቀን፣ ምን ልስራ የሚለው ሁሉ አለበት። "ምርምር መስራት እፈልጋለሁ" ብቻ ካላችሁ ሰውዬው ምን ላድርገው ብሎ ይተወዋል። ይሄን መጋቢት ወይ ሚያዝያ ላይ ላኩ፣ ሰኔ ላይ ሁሉም ፈተናና ዲፌንስ (ቴሲስ ማቅረብ) ላይ ነው። ለአንድ ሰው ልካችሁ አትቀመጡ፣ ለስምንት ለአስር ሰው ላኩ፣ ግን እያንዳንዱን በስሙና በስራው፣ ኮፒ ፔስት ያስታውቃል። በሳምንት መልስ ከሌለ አንዴ አስታውሱ፣ ከዛ እለፉ።

የድጋፍ ደብዳቤውን ከርዕሰ መምህሩ ቀድማችሁ አውጡ፣ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይኑረው። ሰውዬው እሺ ቢልም መስሪያ ቤቱ ወረቀት ይፈልጋል፣ መዝገብ ቤት ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩን ኮፒያችሁ ላይ አስፅፉ፣ "ደብዳቤው ጠፍቷል" ሲሏችሁ እሱን ታሳያላችሁ (ይሏችኋል)።

ወላጅ አንዴ ቦታውን መጥቶ ይይ፣ በስራ ሰአት ብቻ ግቡ፣ ብቻችሁን ላብ ውስጥ አትቅሩ። "ኢንተርንሺፕ አስገባችኋለሁ" ብሎ ቅድሚያ ብር የሚጠይቅ ካለ ብሎክ።

ከገባችሁ በኋላ የተሸፈነ ጫማ፣ የታሰረ ፀጉር፣ ጋዋን። ነጠላና ሻርፕ እሳትና አሲድ አጠገብ አይሆንም፣ ቆሎም ኪስ ውስጥ ይቅር። ያልገባችሁን እቃ አትንኩ። ደብተር ይዛችሁ በየቀኑ ምን እንደተሰራ፣ ስንት እንደተለካ ፃፉ፣ ያልተሳካውንም ጭምር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያገኙት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ታች ወንዙ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው፣ ሌላው ሰው አይቶ ያለፈውን እሳቸው ልብ አሉት፣ እና ደብተራችሁ ላይ "ይሄ ምንድነው?" የሚል ጥያቄ ቢበዛ አትፈሩ።

ሁሉም እምቢ ካሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሂሳብ) ማዕከል አላቸው፣ የሃይስኩል ተማሪም ይቀበላሉ፣ ምዝገባውን በትምህርት ቤታችሁ በኩል ጠይቁ። የራሳችሁ ትምህርት ቤት ላብ ተቆልፎ ከሆነ ደሞ የባዮሎጂ መምህራችሁን ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ ጠይቁና ማፅዳትና እቃ መቁጠር እናግዝ በሉ፣ ይሄም ሲቪ ላይ ይፃፋል።

መጨረሻ ላይ የምስክር ወረቀት ስትጠይቁ "ተሳትፏል" ብቻ የሚል አትቀበሉ፣ የሰራችሁት ስራ በዝርዝር ይፃፍ፣ ፒኤች ለካ፣ ናሙና መዘገበ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን። ፅፋችሁ በፍላሽ ብትሰጧቸው ቶሎ ያልቃል። ማህተሙ ሳይመታበት ደሞ ከግቢው አትውጡ፣ "ነገ ና" ከተጀመረ መስከረም ይጠባል።